ፈረስ ያስተምራል፤ ኦቲዝምን ግን አይፈውስም

አንድም ቃል ተናግሮ የማያውቅ ሕፃን ከፈረስ ጀርባ ላይ ተቀምጦ ድንገት «ሂድ» ብሎ ሲያዝ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ በየቤቱ ይገባል፤ ከሥሩም «ፈረስ ኦቲዝምን ፈወሰ» የሚል ቃል ይነበባል። የሕፃኑ ድምፅ እውነት ነው፤ የእናቲቱም እንባ እውነት ነው። ከሥር የተጻፈው ግን ሐሰት ነው፤ ያውም የሚናገረውን ትቶ የሚያምነውን የሚጎዳ ሐሰት ስለ ሆነ፣ ጉዳቱን በቅርብ የተመለከተ ሰው አይቶ እንዳላየ ሊያልፈው አይገባም።

ይህን ወሬ የእኛ ሰው ፈጥኖ ቢቀበል አይፈረድበትም። ንጉሠ ነገሥቱን በፈረሱ ስም፣ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው እያለ የጠራ፣ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳም ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከነጭ ፈረሱ ላይ ሆኖ ዘንዶውን ሲወጋ እያየ ያደገ ሕዝብ፣ ፈረስ ከእንስሳት ሁሉ የተለየ ጸጋ ተሰጥቶታል ቢሉት ለማመን ልቡ የተሰናዳ ነው። በዚህ ላይ ደግሞ የልጁን ዝምታ «የወላጅ ኃጢአት ውጤት ነው» ወይም «ርኩስ መንፈስ አድሮበታል» ከሚል ዘመድ አፍ ሸሽቶ በባዕድ አገር ብቻውን የሚጨነቅ ወላጅ፣ ያለ ነቀፌታና ያለ ሐፍረት ተስፋ የሚሰጠውን ቢያገኝ እጁን ቢዘረጋ ምን ይደንቃል?

በአሜሪካ በሰሜን ቨርጂኒያ የምትኖር አንዲት የአገራችን ሴት፣ የአራት ዓመት ልጇ ኦቲዝም እንዳለበት ሐኪም ከነገራት በኋላ፣ ልጁን ወደ ንግግር መምህርት ዘንድ ትወስደው ነበር። ትምህርቱ እጅግ አዝጋሚ ነው፤ መምህርቲቱ ውኃ የሞላው ብርጭቆ የተሣለበትን ካርድ ከፊቱ አስቀምጣ፣ ልጁ ሲጠማው ጣቱን እንዲያሳርፍበት ለማለማመድ ብቻ ሳምንታት ትደክማለች። በዚህ መካከል ልጆችን ፈረስ የሚያስጋልብ፣ የሐኪምነትም የመምህርነትም ማስረጃ የሌለው አንድ ሰው፣ «ካርዱ ልጅሽን ያሰንፈዋል፤ ምላሱን የሚፈታው ፈረሱ ነው፤ ሁለቱ ግን አብረው አይሄዱም» አላት። እርስዋም አምና የንግግሩን ትምህርት አቋረጠች፤ ለፈረሱ የሚከፈለውን ለማሟላትም የሌሊት ሥራ ጨመረች። ከአንድ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ልጁ ከኮርቻው ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ የዳማይቱን ባዝራ ጋማ እየዳሰሰ ይስቃል፤ ቤቱ ሲገባ ግን ውኃ በጠማው ቁጥር እንደ ቀድሞው ራሱን ከግድግዳ ጋር ያጋጫል፤ ውኃ የሚጠይቅበትን መንገድ የሚያስተምረው አልነበረምና። በካርድና በሥዕል መግባባት የልጅን ንግግር እንደማያሰናክል የዘርፉ ጥናቶች ደጋግመው ያሳዩት ጉዳይ ስለ ሆነ፣ ያ ሰው የነገራት ነገር ተራ ስሕተት ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። እናቲቱ ወደ መምህርቲቱ ከተመለሰች ከጥቂት ወራት በኋላ ልጁ ጣቱን ከብርጭቆው ሥዕል ላይ አሳረፈ፤ ግድግዳውንም ተወው።

ነገሩን ይበልጥ መራራ የሚያደርገው ያቋረጠችው ትምህርት በነፃ የሚሰጥ መሆኑ ነው። በአሜሪካ በ1975 (ዓመታቱን ሁሉ በዚህ ጽሑፍ በፈረንጆች አቆጣጠር እጠቅሳለሁ) በወጣው ሕግና በኋላ በተጨመሩለት ማሻሻያዎች መሠረት፣ ጉዳት ያለበት ልጅ ሦስት ዓመት ከሞላው ጀምሮ የሚያስፈልገውን ልዩ ትምህርት፣ የንግግር ትምህርትንም ጨምሮ፣ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ያለ ክፍያ የማግኘት መብት አለው። የፈረሱ ትምህርት ግን ብዙውን ጊዜ ኢንሹራንስ የማይሸፍነው፣ ከወላጅ ኪስ የሚወጣ ነው። ስለዚህ «ሌላውን ተዉና ወደ እኔ ኑ» የሚለው ሰው፣ ድኻውን ወላጅ በነፃ ካገኘው አውጥቶ በገንዘብ ወደሚገዛው እየወሰደው ነው።

ይህን ስል ፈረሱን ለማቃለል አይደለም፤ በፈረስ የሚሰጠው ትምህርት በዋዛ የሚታይ ነገር አይደለምና። በ1944 በፖሊዮ ሕመም ከጉልበቷ በታች ሽባ የሆነችው ዴንማርካዊቷ ሊስ ሃርቴል፣ ያለ ረዳት ፈረስ ላይ መውጣት እንኳ የማትችል ሆና ሳለ፣ በ1952 በሄልሲንኪ ኦሊምፒክ በፈረስ ትርኢት ውድድር የብር ሜዳሊያ በተሸለመች ጊዜ የብዙ አገር ሐኪሞችና ጋላቢዎች ዓይናቸውን ወደዚህ ሥራ መለሱ፤ በ1969ም በእንግሊዝና በአሜሪካ ለአካል ጉዳተኞች ፈረስ የሚያስተምሩ ብሔራዊ ማኅበራት ተቋቋሙ። ለኦቲዝም የሚሆነውንም ማስረጃ የሚፈልግ ሰው አያጣም፤ የኮሎራዶ ተመራማሪዎች ከ6 እስከ 16 ዓመት የሚሆናቸውን 127 ልጆችና ወጣቶች በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ አንዱን ወገን ለ10 ሳምንታት ፈረስ እያስጋለቡ፣ ሌላውን ወገን ግን ከዚያው ስለ ፈረስ እያስተማሩ ነገር ግን ሕያው ፈረስ ሳያስነኩ ቆይተው፣ በ2015 ባወጡት ጥናት፣ የጋለቡት ልጆች ቁጣቸውና መቅበጥበጣቸው ቀንሶ፣ የሚናገሯቸውም ቃላት በዝተው እንደ ተገኙ ገልጸዋል። እንግዲህ በዚያ ቪዲዮ «ሂድ» ያለው ሕፃን ተረት አይደለም።

የዚህም ምክንያት ትምህርቱን ከቅርብ ላየው አይሠወርም። ልጁ የራስ ቁሩን አጥልቆ ከመወጣጫው መድረክ ተነሥቶ በፈረሱ ላይ ይቀመጣል፤ አንድ ሰው ፈረሱን ከፊት ይስባል፣ ሁለት ሰዎች በግራና በቀኝ እየተራመዱ የልጁን እግር ደገፍ አድርገው ይይዛሉ። ሁሉ ከተሰናዳ በኋላ ግን ማንም አይንቀሳቀስም። አስተማሪዋ የልጁን ዓይን እያየች ትጠብቃለች፤ ፈረሱም ቆሟል። ልጁ ቃል ቢያወጣ፣ ቃል ባይሆንለት በእጁ ቢያመለክት ወይም የ«ሂድ»ን ሥዕል ቢነካ፣ በዚያችው ቅጽበት ያ ግዙፍ እንስሳ ከሥሩ ይንቀሳቀሳል። የተናገረው ነገር ወዲያው ዓለምን ሲያንቀሳቅስ ያየ ሕፃን፣ መናገር ለምን እንደሚጠቅም የሚያስረዳው ሌላ ስብከት አያስፈልገውም። የፈረሱም አረማመድ የጋላቢውን ዳሌ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ጎንና ወደ ላይ፣ በእግሩ የሚሄድ ሰው ዳሌ በሚንቀሳቀስበት ሁኔታ ስለሚያወዛውዘው፣ ሰውነቱን ማስተካከል ለሚቸግረው ልጅ ራሱን የቻለ ልምምድ ነው። ጥቅሙ ከእንቅስቃሴው ይሁን፣ ከሥርዓቱ፣ ወይስ ከትዕግሥተኛይቱ አስተማሪ፣ ሊቃውንቱ ገና ለይተው አልጨረሱትም፤ እኔም እዚህ ላይ ለመፍረድ አልቸኩልም።

ነገር ግን የቁጣ መብረድና የቃላት መጨመር አንድ ነገር ነው፤ የኦቲዝም መጥፋት ሌላ ነገር ነው። የኮሎራዶዎቹ ተመራማሪዎች የለኩት የመጀመሪያውን ነው፤ ስለ ሁለተኛው አንዳች አላሉም። ብዙ ሰው የሚጠቅሰው «የፈረሱ ልጅ» የተባለው የ2009 መጽሐፍና ፊልምም ቢሆን ለፈውስ ምስክር አይሆንም፤ ሩፐርት አይዛክሰን፣ ልጃቸው በቴክሳስ ቤትሲ ከምትባል የጎረቤት ባዝራ ጋር ያሳየውን መረጋጋት አይተው እስከ ሞንጎልያ ድረስ ወስደው በፈረስ ያጓዙት አባት፣ በጉዞው ማግሥት ልጃቸው ከቁጣው እንደ ተፈታና ጓደኛ እንዳገኘ ሲመሰክሩ፣ ኦቲዝሙ ግን እንዳልለቀቀው ራሳቸው ተናግረዋል። የአባትየውን ቃል ግማሹን ቆርጦ የሚያሰራጭ ሰው፣ ለአባትየውም ለእውነቱም አልታመነም።

ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ደግሞ በ1947 የተወለዱት፣ ዛሬ በኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሳይንስ ፕሮፌሰር የሆኑት ቴምፕል ግራንዲን ናቸው። ሦስት ዓመት ካለፋቸው በኋላ እንኳ አይናገሩም ነበር፤ እናታቸው ገና በሕፃንነታቸው የንግግር አስተማሪ ፈልገው በየዕለቱ በትጋት እንዲማሩ ባደረጉ ጊዜ አንደበታቸው ተፈታ። ፈረስ የገባው ከዚያ ወዲህ፣ በአዳሪ ትምህርት ቤት ሳሉ ነው፤ የጋጣውን ጉድፍ እየጠረጉ፣ ፈረሶቹን እየቀለቡ፣ ኃላፊነትንና የሥራ ሥርዓትን ተማሩ። ሴትዮዋ ለፈረስ ያላቸው ፍቅር የታወቀ ሲሆን፣ የቅድሚያውን ክብር የሚሰጡት ግን በሕፃንነታቸው ላስተማሯቸው ሰዎች ነው፤ ኦቲዝማቸውም አብሯቸው አለ። በአገራችንም ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ከራሳቸው ልጅ ተነሥተው በ2002 በአዲስ አበባ የጆይን የኦቲዝም ማዕከል ሲመሠርቱ፣ ለማይናገሩት ልጆች በፊደላችን ድምፆች ላይ የተመሠረተውን የአቡጊዳ ፎኔቲክስ ማስተማሪያ አዘጋጁ እንጂ በአንድ ጀምበር የሚሆን ተአምር ለማንም አልሸጡም።

እንግዲህ የሕፃን ፈገግታ እየቀረጹ፣ በላዩ ዜማ እየጨመሩ፣ የመድኃኒትና የትምህርት ጠላት ሆነው የሚሰብኩትን ሰዎች በየዋህነት ማለፍ አይቻልም። ሕፃን በሦስትና በአራት ዓመቱ የሚያጣውን የትምህርት ጊዜ በኋላ ለማካካስ እጥፍ ድካም ያስፈልጋል፤ ከወላጁ ገንዘብ የወሰደው ሰውዬ ግን ያን ዕዳ አይከፍልም።

የቀሩት ተረቶች ብዙ ሐተታ አይፈልጉም።

«ፈረስ የልጁን ልብ ያነባል» ይባላል። በበርሊን ሃንስ የሚባል ፈረስ ሒሳብ ያውቃል ተብሎ፣ መልሱን በሰኮናው መሬት እየመታ ሲናገር አገር ጉድ ብሎ ነበር፤ በ1907 ግን ኦስካር ፕፉንግስት ያሳተመው ምርመራ እንዳስረዳው፣ ፈረሱ ያነበበው ጠያቂው ሳይታወቀው የሚያሳየውን ጥቂት የራስና የአካል እንቅስቃሴ ነበር። ፈረስ አካልን ያነባል፤ ይህም ለትምህርቱ ይበቃል፤ የሚጮኽና እጁን የሚያወራጭ ልጅ ፈረሱ ጆሮውን ወደ ኋላ ሲጥል አይቶ ራሱን ማብረድን ይለማመዳልና።

«ኤዲኤችዲ ያለበት ልጅ ያልተገረፈ ባለጌ ነው፤ ፈረስ ሥርዓት ያስይዘዋል» የሚሉም አሉ። ኤዲኤችዲ፣ ማለትም ትኩረት ማጣትና መቅበጥበጥ የሚታይበት ሁኔታ፣ የአእምሮ አሠራር ጉዳይ ነው፤ አለንጋም ኮርቻም አያጠፋውም። ፈረስን መቦረሽ፣ ሰኮናውን መጥረግ፣ ኮርቻ መጫን፣ ጠፍሩን ማጥበቅ፣ ሁሉም በተራው ካልሆነ ኮርቻው ከነጋላቢው ስለሚዞር፣ ሐሳቡ ለሚበተንበት ልጅ ቅደም ተከተልን መለማመጃ ነው። ለኤዲኤችዲ ያለው ማስረጃ ግን ለኦቲዝም ካለው የሳሳ ነው፤ ቻርለስ ብራድሊ በ1937 አነቃቂ መድኃኒት የልጆችን ትኩረት ሲያሻሽል ካየበት ጊዜ ጀምሮ የተጠናውን ሕክምና በፈረስ አሠልጣኝ ቃል ማቆም ድፍረት ነው።

«ካልጋለበ አልተማረም» ማለትም ስሕተት ነው፤ ከፍታ የሚፈራ ልጅ ከመሬት ሆኖ ፈረሱን እየሳበና እየቦረሸ ብዙ ይማራል።

«ማንኛውም ፈረስ ይሆናል» የሚለው ግን አደገኛ ነው። ለትምህርት የሚመረጠው ፈረስ ጩኸትን፣ ድንገተኛ እንቅስቃሴን፣ ጋማ የሚጎትት እጅን እንዲታገሥ በብዙ ልምምድ የተገራ ነው፤ በሰዓት ለኪራይ የሚቀርበው ፈረስ ግን እስከ 5 ኩንታል የሚመዝን፣ ከደነገጠ የማይመለስ እንስሳ ነው። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ልጆች የሚጥል በሽታ ስለሚኖርባቸው፣ ዳውን ሲንድረም ያለባቸውም የአንገት አጥንታቸው ሊላላ ስለሚችል፣ አስቀድሞ ሐኪም ሳያያቸው ፈረስ ላይ መውጣት የለባቸውም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ አቅሙ ካላችሁና ልጃችሁ ፈረስ ከወደደ ውሰዱት፤ ደስታውም ትምህርቱም አይቅርበት። ከመክፈላችሁ በፊት ግን አሠልጣኙን ጠይቁት፤ የሥልጠና ማስረጃውን ያሳያችሁ፣ ልጁን የሚደግፉት ሰዎች እነማን እንደ ሆኑ ይንገራችሁ፣ ከንግግር መምህሩና ከሐኪሙ ጋር ለመነጋገር ፈቃደኛ መሆኑን ይግለጽላችሁ። ሌላውን ትምህርት ወይም መድኃኒት አቁሙ ካላችሁ፣ ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ።