የውርንጭላው ጥም

በኬንታኪ ሌክሲንግተንም ሆነ በእንግሊዝ ኒውማርኬት፣ የውድድር ፈረስ በሚረባባቸው ጋጣዎች ሌሊቱን ሲጠብቁ የሚያድሩ ሠራተኞች አንድ ምልክት ጠንቅቀው ያውቃሉ፦ ግንባሩ ላይ ወተት የደረቀበት ውርንጭላ። የባዝራዋ ግት ከመጠን በላይ ሞልቶ በራሱ ጊዜ ይንጠባጠባል፤ ውርንጭላው ከሥሯ ገብቶ ይቆማል፣ ግን አይጠባም። ወተቱ ወደ ጉሮሮው መውረዱ ቀርቶ ፊቱ ላይ ይፈሳል። ይህን ያየ ሠራተኛ ሐኪም ለመጥራት አያመነታም።

የሚያጣድፈው የውርንጭላ የውኃ ስንቅ አጭር መሆኑ ነው። 50 ኪሎ የሚመዝን ጤነኛ ውርንጭላ በቀን የክብደቱን አንድ አምስተኛ፣ አንዳንዴም ሩቡን ያህል ወተት ይጠባል፤ ከ10 እስከ 12 ሊትር መሆኑ ነው። ይህንንም በአንዴ ሳይሆን በየሰዓቱ ደጋግሞ ብድግ እያለ ነው የሚጠባው። ግማሽ ቀን ቢያልፈው ለእርሱ ከባድ ነው። በዚያ ላይ የባዝራ የእንግዴ ልጅ በሽታ መከላከያ ወደ ጽንሱ አያሳልፍም። ውርንጭላው የሚታጠቀው መሣሪያ እንገሩ ውስጥ ነው፤ አንጀቱም ያንን መከላከያ ሳይፈጭ ወደ ደሙ የሚያሳልፈው በመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው፣ ያውም ሰዓቱ በገፋ ቁጥር እየቀነሰ። እንገር ያመለጠው ውርንጭላ ተህዋስያን በእትብቱ ወይም በአንጀቱ በኩል ሲገቡበት የሚመክትበት የለውም። ሐኪሞች ሴፕሲስ የሚሉት ይህ የደም መመረዝ ከጨቅላ ውርንጭላ ገዳዮች መካከል ግንባር ቀደሙ ነው። ደም ሥሮቹ ይላላሉ፤ ፈሳሹም እየሾለከ ወደ ሥጋው ይገባል። እንዲህ ያለው ውርንጭላ ሁለት ጊዜ ይጠማል፦ አንድም ስላልጠባ፣ አንድም ያለውን በደም ሥሩ መያዝ ስላቃተው።

ሐኪሙ ሲደርስ ማወቅ የሚፈልገው የጎደለውን መጠን ነው። ጎልማሳ ፈረስ ቢሆን የአንገቱን ቆዳ ቆንጥጦ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚመለስ ያያል፤ ድዱን ይዳስሳል፤ የልብ ምቱን ይቆጥራል። ጨቅላው ላይ እነዚህ ሁሉ ይዋሻሉ። ቆዳው የመድረቁን ልክ በትክክል አይናገርም። ክፉኛ የታመመ ውርንጭላ ልቡ መፍጠን ሲገባው እንደ ጤነኛ ሊመታ ይችላል። ደም በሚገባ አለመዳረሱን የሚያሳየው ላክቴት እንኳ በጤነኛው ውርንጭላ ደም ውስጥ በተወለደበት ዕለት ከፍ ብሎ ይገኛል።

ታዲያ ዝም ብሎ ግሉኮስ ቢንጠለጠልለትስ? (በእኛ አገር ከብረት ላይ ተንጠልጥሎ በቱቦ የሚወርደውን ሁሉ ግሉኮስ እንለዋለን፤ እዚህ የማወራው ግን ስለ ጨዋማው ፈሳሽ ነው።) የተለመደው አሠራር ለ50 ኪሎ ውርንጭላ አንድ ሊትር ያህል በ20 ደቂቃ አካባቢ ሰጥቶ እንደገና መመርመር ነው። ችግሩ የባዝራ ወተት ጨው እጅግ አነስተኛ መሆኑ ነው፤ የውርንጭላው ኩላሊት የተዘጋጀው ብዙ ውኃና ጥቂት ጨው ለማስወጣት ነው። አንዲቷ ሊትር ፈሳሽ በግምት የአንድ ቀን የጨው ፍላጎቱን ይዛለች። ሦስትና አራት ሊትር ከተደራረበ ትርፉ ጨው ውኃውን ይዞ ይቀራል፤ ሳንባው ይረጥባል፣ አንጀቱ ያብጣል። አልትራሳውንድ ወደ ጋጣው የገባው ፈሳሹ መቼ እንደሚጀመር ለመናገር ይመስላል። በእኔ ግምት ትልቁ ጥቅሙ መቼ እንደሚቆም መናገሩ ላይ ነው።

መሣሪያውን አብዛኛው አንባቢ ከእናቶች ክትትል ያውቀዋል። በፈረስ ሕክምናም መንገዱ ከዚያው ይጀምራል፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች የባዝራን ማኅፀን በእርሱ ማየት እንደሚቻል አሳተሙ። ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ከመዳሰሻው ይወጣል፣ ሥጋ ውስጥ በሰከንድ 1,540 ሜትር ያህል ይጓዛል፣ እየነጠረ ይመለሳል። ደምና ሽንት ድምፁን ስለማይመልሱ ጥቁር ሆነው ይታያሉ። አጥንትና አየር ግን ስለሚመልሱት ከኋላቸው ያለው አይታይም። ጨቅላ ውርንጭላ ለዚህ ምቹ ነው፤ ሰውነቱ ቀጭን፣ ፀጉሩ ስስ በመሆኑ ብዙ ጊዜ መላጨት ሳያስፈልግ በአልኮል ረጠብ አድርጎ ማየት ይቻላል። አልኮሉ እንዳይበዛ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የታመመ ጨቅላ ፈጥኖ ይበርደዋል።

ሐኪሙ የሚፈልገው ከኋለኛው የሰውነት ክፍል ደም ሰብስቦ ወደ ልብ የሚመልሰውን ትልቁን ደም መልስ ነው። ግድግዳው ስስ፣ በውስጡ ያለው ግፊትም ዝቅተኛ ነው። ደም ሲበዛ ይነፋል፣ ሲጎድል ይጠብባል። ውርንጭላው አየር በሳበ ቁጥር ደረቱ ውስጥ ያለው ግፊት ይቀንስና ደሙ ወደ ልብ ይሳባል፤ ያኔ በቂ ደም የሌለበት ደም መልስ ግድግዳና ግድግዳው ሊነካካ እስኪቀርብ ድረስ ይሟሽሻል። የሚለካውም ይኸው ነው፦ በትንፋሽ መካከል ስንት እጁ ጠበበ? ሌላው ብልሃት ከአጠገቡ ካለው ከአኦርታ ጋር ማነጻጸር ነው። አኦርታ ወፍራም ግድግዳ ያለው ደም ቅዳ ስለሆነ ደም ቢጎድልም ቶሎ ቅርጹን አይለቅም። የ30 ኪሎውም የ60 ኪሎውም ውርንጭላ የራሱን መለኪያ ይዞ መጣ ማለት ነው።

በሰዎች ሕክምና ለዚህ ደም መልስ የታወቀ ቁጥር አለ፤ በአዋቂ ሰው ስፋቱ ከ2.1 ሴንቲሜትር ያነሰና ሲተነፍስ ከግማሽ በላይ የሚጠብብ ከሆነ ደም ወደ ልብ በሚገባበት በኩል ያለው ግፊት ዝቅተኛ ነው ይባላል። ይህን ቁጥር አንስቶ ውርንጭላ ላይ መለጠፍ ግን ስህተት ነው። ውርንጭላው ተኝቶ ነው የታየው ወይስ ቆሞ? ሆዱ በጋዝ ተነፍቷል? መዳሰሻውን የያዘው እጅ ተጭኖ ራሱ ደም ሥሩን አጥብቦት ይሆን? በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ያለ ውርንጭላ ደግሞ አየሩ በግፊት ስለሚገባለት የደም ሥሩ እንቅስቃሴ ይገለበጣል። ለዚህ ነው ልምድ ያለው ሐኪም አንድ ምስል አይቶ የማይፈርደው። ከሊትሯ በፊት ያያል፣ ከሊትሯ በኋላ ያያል፤ የሚያነበው ለውጡን ነው።

ብቻውንም አያነበውም። መዳሰሻውን ወደ ልብ ያዞራል፤ ደም ያነሰው ልብ ሲጨመቅ የግራው ክፍል ውስጡ ባዶ እስኪሆን ግድግዳዎቹ ይገናኛሉ። ከዚያ ሳንባ። አየር የሞላው ሳንባ ተደራርበው የተጋደሙ ነጭ መስመሮችን ያሳያል፤ የረጠበ ሳንባ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ የጨረር ዘንጎችን። ገና የተወለደ ውርንጭላ የማኅፀን ውኃ ከሳንባው ስላልደረቀለት፣ በጎኑ የተኛም የታችኛው ሳንባው ስለሚጫነው፣ ጥቂት ዘንጎች ቢታዩ አያስደነግጥም። ከሦስተኛው ሊትር በኋላ እየበዙ ሲሄዱ ግን ቱቦው ይዘጋል።

ፊኛን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም፤ የዚህ ሁሉ ምርመራ አስገራሚው ነገር እዚያ ነው። አንዳንድ ውርንጭላ፣ በተለይ ወንዱ፣ በውልደት ጊዜ ወይም ከዚያ በኋላ ፊኛው ይቀደዳል። ሁለት ሦስት ቀን ሲሆነው መጥባት ይተዋል፣ ያምጣል፣ ሆዱ ይነፋል። ሲያዩት የደከመና የደረቀ ነው፤ ደም ሥሩም በእርግጥ ጎድሏል። አልትራሳውንዱ ሆዱ ላይ ሲያርፍ ግን ማያ ገጹ በጥቁር ይሞላል፣ አንጀቶቹም በዚያ ጥቁር ውስጥ ይዋኛሉ። ሽንት ነው። በሊትር የሚቆጠር ፈሳሽ ተሸክሞ የተጠማ እንስሳ። ትልቁን ደም መልስ ብቻ ያየ ሐኪም እዚህ ይሳሳታል፤ ደም ሥሩ የጠበበው ደም ስለጎደለ ብቻ ሳይሆን የተወጠረው ሆድ ከውጭ ስለተጫነውም ነው። ደሙ ውስጥ ሶዲየም ወርዶ ፖታሲየም ከፍ ብሏል፤ ፖታሲየም ሲያሻቅብ ደግሞ ልብ በሰመመን ውስጥ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ፊኛው የሚሰፋበት ቀዶ ሕክምና ይቆያል። ፖታሲየም የሌለበት ፈሳሽ በደም ሥሩ ይገባል፤ በሆዱ ቱቦ ተተክሎ ሽንቱ ቀስ እየተባለ ይቀዳል፤ ፖታሲየሙ ሲወርድ ውርንጭላው ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ይገባል።