በቤት ስለሚሠራ የስፖንጅ ፍራሽ

ሰው ከዕድሜው ሲሶ ያህሉን በመኝታ ያሳልፋልና ፍራሽን መናቅ አይገባም። እኛም በቤታችን ሠርተን የተረዳነውን እንገልጻለን።

ከታች 10 ሳንቲ ሜትር ጠንካራ ስፖንጅ፥ ከላይ 5 ሳንቲ ሜትር ለስላሳ ይነጠፋል፤ የታችኛው ክብደትን ይሸከማል፥ የላይኛው ለትከሻና ለዳሌ ይመቻል። ገልብጠን በተኛንበት ሌሊት ጐናችን ታሞ ነቅተናል። በመዳፍ ተጭኖ ሲለቀቅ ጐድጕዶ የሚቀር ስፖንጅ አይገዛ። ንብርብሩንም ሙጫ ሳይሆን በልክ የተሰፋ የአቡጀዲ ልባስ ይያዘው፤ አንዱ ሲያረጅ እርሱ ብቻ ይለወጣልና።

ሕፃን ግን በለስላሳው ላይ አይተኛ፤ ፊቱ ሰጥሞ ሊታፈን ይችላል። ደግሞም ስፖንጅ በእሳት ፈጥኖ ይያያዛል፥ ጢሱም መርዝ ነው። ስለዚህ የጸሎቱ ጧፍ ከአልጋው ይራቅ፥ የከሰሉም ምድጃ ከመኝታ ቤት ይውጣ።