መስጂዱ ቢነድም ጀመዓው አልተበተነም

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 7 ቀን 2025 ምሽት በአሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ፣ በአልታዲና ከተማ አቅራቢያ የተነሳው የዱር እሳት በኃይለኛ ነፋስ እየተገፋ ከ9,000 በላይ ሕንፃዎችን አወደመ። ከእነዚህም አንዱ መስጂድ አል-ተቅዋ ነበር። ቤታቸው የተቃጠለባቸው ሙስሊሞች መጽናኛ ስፍራቸውንም አብረው አጡ።

ይሁንና በዚያው ዓመት ረመዳን ሲገባ ጀመዓው በጎረቤት ከተማ በፓሳዴና፣ በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ተሰባስቦ አፈጠረ፤ ሰገደም።

ከዚህ ሙሲባ ምን እንማር? በምዕራብ አልታዲና «ውጡ» የሚለው ትእዛዝ የደረሰው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። ስለዚህ እሳት ሲቃረብ ትእዛዝ ሳንጠብቅ ልጆችንና አረጋውያንን ይዘን እንውጣ፤ ንብረት ይተካል። ቤተሰቡ ቢለያይ የሚገናኝበትን ቦታም አስቀድመን እንወስን። የተቃጠለ ቤት አመድ መርዛማ ስለሆነ ልጆች አይንኩት።

ሰብር ማለት ኀዘንን መደበቅ አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት አልቅሰዋል። ልጆቻችን ሌሊት እየባነኑ ቢያስቸግሩ አንቆጣቸው፤ እናዳምጣቸው፤ የእንቅልፍና የሶላት ሰዓታቸውን እንጠብቅላቸው። ጭንቀቱ ሳምንታት አልፎት ካልቀለለ ሐኪም ማማከር የኢማን ጉድለት አይደለም። ተጎጂ ጎረቤታችንንም ከእርዳታው ጋር አረፍ ብለን እናጫውተው። ምግቡ ለቀን ነው፤ አብሮ መቀመጥ ግን ልብን ይጠግናል።