ክንድ ሲታሰር አንጎልን ማሠራት፦ ከትከሻ ቀዶ ሕክምና በኋላ ያሉት ሳምንታት

የተበጠሰ የትከሻ ጅማቱን በቀዶ ሕክምና ያስጠገነ ሰው ከሐኪሙ በቅድሚያ የሚሰማው ማሳሰቢያ ክንዱን እንዳያንቀሳቅስ የሚያስጠነቅቅ ነው። ክንዱ በአንገቱ ላይ በተንጠለጠለ መደገፊያ ታስሮ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል። ብዙዎች ይህን ጊዜ ቀን ከመቁጠር በቀር ምንም የማይሠራበት አድርገው ያዩታል። ይሁን እንጂ ክንዱ በታሰረባቸው ቀናት አንጎልም ከክንዱ ጋር ያለው ትውውቅ እየላላ ይሄዳል።

ዕረፍቱ ያለ ምክንያት አልታዘዘም። ትከሻ ከሰውነት መገጣጠሚያዎች ሁሉ ይበልጥ በሰፊው የሚንቀሳቀስ ነው። የክንድ አጥንት ክብ ራስ የሚያርፍበት ጎድጓዳ ግን ጠባብና ጥልቀት የሌለው በመሆኑ፣ አቀማመጡ በስኒ ማስቀመጫ ላይ ያለ ብርቱካንን ይመስላል። ከቦታው እንዳይንሸራተት ዙሪያውን አቅፈው የሚይዙት «ሮቴተር ከፍ» የሚባሉት አራት ጡንቻዎችና ጅማቶቻቸው ናቸው። ዕድሜ ሲገፋ፣ ወይም እጅን ከራስ በላይ እያነሡ በሚሠራና ከባድ ነገር በሚያሸክም ሥራ ብዙ ዓመት ሲታለፍ ጅማቱ ይሳሳል፤ አንዳንዴም ይበጠሳል። ተሰፍቶ ከአጥንቱ ጋር እስኪጣበቅ ወራት ይወስዳል፤ ያለ ጊዜው ከተጎተተ ስፌቱ ሊለቅ ይችላል።

የዕረፍቱ ሌላኛው ገጽታ የታየው በአንጎል ምስል ላይ ነው። የዙሪክ ተመራማሪዎች በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ ቀኝ እጃቸው ተጎድቶ ቢያንስ ለ14 ቀናት የታሰረባቸውን 10 ቀኝ እጅ ተጠቃሚዎች በኤምአርአይ ተመልክተዋል። የታሰረውን እጅ በሚያዝዘው የግራ አንጎል ክፍል ውጫዊው ሽፋን ሳስቶ ተገኘ። ሥራውን ተክቶ የያዘው የግራ እጅ ቅልጥፍና በአንጻሩ ጨመረ።

ታዲያ ክንዱ ሳይነቃነቅ አንጎሉን ብቻ ማሠራት ይቻላል? በአሜሪካ የኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2014 ባወጡት ሥራ የጤናማ ፈቃደኞችን የእጅ አንጓ ለ4 ሳምንት በጀሶ አሰሩ። ከፊሎቹ አንጓቸውን በኃይል እንደሚያጥፉ በሐሳባቸው ብቻ በሳምንት 5 ቀን ይለማመዱ ነበር። ጀሶው ሲፈታ፣ ያልተለማመዱት 45 በመቶ ያህል ጉልበታቸውን ሲያጡ የተለማመዱት ያጡት 24 በመቶ ያህል ነበር። ጡንቻ ያለ ትዕዛዝ የማይሠራ ሞተር ነውና፣ ከድክመቱ ከፊሉ የሚመነጨው ከሞተሩ ሳይሆን ከአዛዡ መሆኑን ይህ ያመለክታል።

በፊዚዮቴራፒ ክፍሎች ይህ ሐሳብ ደረጃ ተበጅቶለታል። አውስትራሊያዊው ተመራማሪ ሎሪመር ሞዝሊ በ2004 ከጉዳት በኋላ እጅ ላይ ለሚቀር ጽኑ ሕመም የፈተነው አካሄድ በሦስት እርከን የተከፈለ ነው። ታካሚው መጀመሪያ የእጅ ፎቶግራፎችን እያየ ቀኝ ወይስ ግራ መሆናቸውን በፍጥነት ይለያል። ቀጥሎ እንቅስቃሴውን ሳይፈጽም በሐሳቡ ይሠራዋል። በመጨረሻ ጤነኛውን እጅ በመስታወት ፊት እያንቀሳቀሰ የታመመው የሚንቀሳቀስ መስሎ እንዲታየው ያደርጋል።

በትከሻ ላይ ከሦስቱ የሚቀለው መሐል ያለው ነው፤ ከወንበርና ከጸጥታ በቀር ምንም አይጠይቅም። የሚታሰበው እንቅስቃሴ ሰውየው ዕለት ዕለት የሚያውቀው ቢሆን ይመረጣል፦ ነጠላን ወደ ትከሻ መጣል፣ ከመደርደሪያ ላይ ሲኒ ማውረድ፣ ቡና ከጀበና መቅዳት። ራስን እንደ ፊልም ከሩቅ ማየት ግን ሌላ ነገር ነው። የጀበናው ክብደትና የክንዱ መነሣት ከውስጥ ሊሰማ ይገባል፤ የተሰፋው ትከሻ ግን በእውን መወጠር የለበትም። በሐሳብ ብቻ እንኳ ሕመሙ የሚነሣባቸው ሰዎች አሉ፤ እነርሱ ወደ ፎቶግራፎቹ ይመለሳሉ።

ማንጠልጠያው ወልቆ ባለሙያው እንቅስቃሴ ሲፈቅድ ሌላ ልምምድ ይታከላል፤ ክንድን ቀስ ብሎ እያነሡ ከ100 ወደ ኋላ ሰባት ሰባት እየቀነሱ መቁጠር። እንግዳ ቢመስልም ምክንያት አለው። በቤት ውስጥ ማንም ዕቃ የሚያወርደው ትከሻውን እያሰበ ሳይሆን ከሰው ጋር እያወራ ነው።

ይህ ሁሉ የጅማቱን መዳን አያፋጥንም፤ ፊዚዮቴራፒውንም አይተካም። በቀጥታ ስለ ትከሻ የተደረጉት ጥናቶች ጥቂትና አነስተኛ ስለሆኑ፣ ከእጅና ከአንጓ የተገኘውን ውጤት እንዳለ ለትከሻ ማዋስ አይገባም። ልምምዱን መጀመር የሚፈልግ ታካሚ በመጀመሪያው የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮው፣ ክንዱ ገና ታስሮ ሳለ፣ ባለሙያውን ቢጠይቅ ጊዜው አያልፍበትም።