የአስፋልት ዕድሜ የሚወሰነው ከሥሩ ነው

ከአዲስ ዘመን ከተማ ተነስቶ ወደ ወረታ የሚወስደው አስፋልት የጣራ ገዳምን ተራራ ከኋላው ትቶ ወደ ፎገራ ሜዳ ይወርዳል፡፡ ርብን ከተሻገረ በኋላ ወረታ ላይ ለሁለት ይከፈላል፡፡ አንዱ ጉማራን አልፎ ወደ ባሕር ዳር ያቀናል፤ ሌላው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ደብረ ታቦር ይገባል፡፡ መንገደኛው በመስኮት የሚያየው የሩዝ ማሳውን ነው፡፡ የመንገዱን ዕድሜ የሚወስነው ግን ከጎማው በታች ያለው፣ ዓይን የማያርፍበት አፈር ነው፡፡

ገበሬው ይህን አፈር ዋልካ ይለዋል፡፡ በሌላው አካባቢ መረሬ ይባላል፤ መሐንዲሶች ደግሞ ብላክ ኮተን ይሉታል፡፡ ባሕርይው ለሁላችንም እንግዳ አይደለም፡፡ ክረምት ሲገባ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ሲሆን ደርቆ ይሰነጠቃል፡፡ በአስፋልት የተሸፈነው የመንገዱ መሐል እርጥበቱን ሳይለውጥ ይቆያል፤ ዳርና ዳሩ ግን በየዓመቱ ሲያብጥና ሲኮማተር ይኖራል፡፡ በዚህም የተነሳ በመንገዱ ትከሻ ርዝመት ረጃጅም ስንጥቆች ይወጣሉ፡፡ በስንጥቁ ውኃ ይገባል፣ ውኃው ሥሩን ያለሰልሰዋል፣ ከባድ መኪና ያልፍበታል፣ ጉድጓድ ይሆናል፡፡ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ፎገራንና ሊቦ ከምከምን ያጥለቀለቀውን ጎርፍ ለሚያስታውስ ሰው፣ ውኃ በዚህ ሜዳ ላይ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ማስረዳት አያስፈልግም፡፡

ሁለተኛም ችግር አለ፡፡ በለሰለሰ ጭቃ ላይ የተነጠፈ ጠጠር የመኪና ክብደት በተጫነው ቁጥር ወደ ታች ይሰምጣል፣ ጭቃው ደግሞ በጠጠሩ መሐል ወደ ላይ ይወጣል፡፡ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ተብሎ የተከፈለበት ንጣፍ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግማሹ ጭቃ ሆኖ ይገኛል፡፡ ከላይ አዲስ አስፋልት ማልበስ ይህን በሽታ ለጊዜው ይደብቀዋል እንጂ አያድነውም፡፡

ጂኦሲንቴቲክ የሚባሉት ቁሳቁሶች ለዚህ ለዚህ የተበጁ ናቸው፡፡ ከፖሊፕሮፒሊን፣ ከፖሊስተርና ከመሳሰሉት የፕላስቲክ ዓይነቶች ይሠራሉ፡፡ ጂኦቴክስታይል ጨርቅ መሰል ሲሆን በዋልካውና በጠጠሩ መካከል ይነጠፋል፡፡ እንደ ወንፊት ውኃውን ያሳልፋል፣ ጭቃውን ያስቀራል፡፡ ጂኦግሪድ ደግሞ መረብ መሰል ነው፤ ጠጠሩ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ተቆልፎ እንዳይንሸራተት ይይዘዋል፡፡ የጭቃ ቤት የሠራ ሰው ጭቃው ያለ ጭድ ሲደርቅ እንደሚተረተር ያውቃል፤ የጂኦግሪድም ሥራ ከጭዱ ሥራ ብዙ አይርቅም፡፡ ሌላ ዓይነት ጨርቅ ደግሞ በሬንጅ ተነክሮ በአሮጌውና በአዲሱ አስፋልት መካከል ይገባል፡፡ ይህኛው የታችኛው ስንጥቅ ወደ ላይ የሚደርስበትን ጊዜ ያዘገያል፣ ውኃም እንዳይሰርግ ይከላከላል፡፡

ሐሳቡ ትናንት የመጣ አይደለም፡፡ በአሜሪካ የሳውዝ ካሮላይና መንገድ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1926 የጥጥ ጨርቅ በመንገድ ውስጥ መሞከር ጀምሮ ነበር፡፡ ጂኦቴክስታይል የሚለው ስያሜም እ.ኤ.አ. በ1977 በፓሪስ በተካሄደ ጉባዔ ላይ ከቀረበ በኋላ ተለመደ፡፡ እኛም ዘንድ ቢሆን የዚሁ ቤተሰብ አባል ይታወቃል፡፡ በ1990ዎቹ አጋማሽ በአማራ ክልልና በሌሎችም ክልሎች የዝናብ ውኃ ለማቆር በተቆፈሩ ገንዳዎች ውስጥ የተነጠፈው ጥቁር ፕላስቲክ ጂኦሜምብሬን ይባላል፡፡

እዚህ ላይ መጋነን የለበትም፡፡ ጨርቁ ብቻውን የዋልካን እብጠት አያስቆምም፡፡ እንደየቦታው ክፉውን አፈር አውጥቶ በተመረጠ አፈር መተካት፣ ወይም በኖራ ማከም፣ ቦዩን ከመንገዱ ትከሻ ማራቅና ትከሻውን ውኃ እንዳያስገባ አድርጎ መሸፈን ያስፈልጋል፡፡ አነጣጠፉም ጥንቃቄ ይሻል፡፡ ፖሊፕሮፒሊን ፀሐይ ላይ ሲቆይ ይደክማል፤ በቂ መደራረብ ከሌለው ጭቃ በመጋጠሚያው ይወጣል፤ ጠጠር ሳይለብስ ገልባጭ መኪና ከሄደበት ይቀደዳል፡፡

ታዲያ ጥቅሙ ከታወቀ ስለምን በብዛት አይገባም? መልሱን የማገኘው በውሉ ውስጥ ነው፡፡ ጨረታ በአብዛኛው የሚያሸንፈው አነስተኛ ዋጋ ያቀረበ ተጫራች በመሆኑ፣ በዝርዝር የሥራ መጠን ሰነድ ላይ ያልተጻፈውን ጨርቅ በራሱ ኪሳራ የሚያነጥፍ ተቋራጭ አይኖርም፡፡ ዋና ዋና መንገዶች ለ15 ወይም ለ20 ዓመት ታስበው ይነደፋሉ፡፡ በሰፊው የሚሠራበት የፊዲክ የውል ቅጽ ግን ለጉድለት ማሳወቂያ በተለምዶ የሚሰጠው 365 ቀን ነው፡፡ ዋልካ ደግሞ ጥፋቱን ለማሳየት ሁለትና ሦስት ክረምት ቢፈጅበት አይገርምም፡፡ ያኔ ተቋራጩ በንድፉ፣ አማካሪው በአፈሩ፣ ባለቤቱ በበጀቱ ያመካኛል፡፡

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ ስለሚሠራ ሥራ ሲደነግግ፣ በአንቀጽ 3039 የሥራ ተቋራጩን ለአሥር ዓመት ዋስ ያደርገዋል፡፡ ጉዳቱ የመጣው ከአፈሩ ጠባይ ቢሆን እንኳ ከኃላፊነት አያመልጥም፡፡ የመንግሥት መንገድ ሥራ የአስተዳደር ውል በመሆኑ የራሱ ድንጋጌዎች አሉትና፣ ይህ አንቀጽ እንዳለ ይፈጸምበታል ማለቴ አይደለም፡፡ ሆኖም ከስድሳ ዓመት በፊት ሕግ አውጪው ‹‹አፈሩ ክፉ ነው›› የሚለውን ሰበብ አስቀድሞ ማየቱን ልብ ይሏል፡፡

በእኔ እምነት ሦስት ነገሮች በውል ሰነዱ ውስጥ ሊገቡ ይገባል፡፡ አንደኛ፣ መስመሩ ዋልካ በሚያልፍበት ቦታ ሁሉ ጨርቁ ወይም መረቡ ጥራቱና ስፋቱ ተጠቅሶ ራሱን የቻለ የክፍያ ቁጥር ይሰጠው፡፡ ሁለተኛ፣ ከተሸፈነ በኋላ ማንም ስለማያየው፣ አማካሪ መሐንዲሱ መርምሮና ፎቶግራፍ አንስቶ ሳይፈርም ጠጠር አይድፉበት፡፡ ሦስተኛ፣ ተጫራቾች ሲወዳደሩ የዛሬው ግንባታ ዋጋ ከሃያ ዓመቱ የጥገና ወጪ ጋር ተደምሮ ይታይ፡፡

ዕቃው በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው የሚል ተቃውሞ እንደሚነሳ አውቃለሁ፡፡ ስንጥቁን ደጋግመን የምንደፍንበት ሬንጅም የሚመጣው ከውጭ ነው፡፡ ለጥገና ተብሎ በ1989 ዓ.ም. የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ዋና የገቢ ምንጭ እንዲሆን የታሰበውም ከነዳጅ ሽያጭ የሚሰበሰብ ገንዘብ ነው፡፡ ስለዚህ ያልተነጠፈውን ጨርቅ ዋጋ የሚከፍለው ነዳጅ የሚቀዳውና ታሪፍ የሚከፍለው ሕዝብ ነው ማለት ነው፡፡

አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጉዙ፣ መድፉ ከመንቀሳቀሱ በፊት ከፊቱ ያለው መሬት ይደለደል ነበር፡፡ ከጭነቱ በፊት የሚሸከመው ይዘጋጃል ማለት ነው፡፡ ዛሬ በዚያው አገር ከዚያ መድፍ በብዙ እጥፍ የሚከብድ ተሳቢ መኪና በዋልካ ላይ ይመላለሳል፡፡ ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ እንደሚባለው፣ ከሥሩ የሚገባው ነገር መታሰብ ያለበት የሚቀጥለው የጨረታ ሰነድ ሳይሸጥ በፊት ነው፡፡