ደም መጣጩ የሚተወው

በሌላው ላብ የሚኖረውን፣ አልላቀቅም ያለውን ሰው «መዥገር» እንለዋለን። ስድቡ የያዘው ግን የመዥገርን ግማሽ ጠባይ ብቻ ነው። መዥገር ደም እየመጠጠ ምራቁን ይተፋል፤ በምራቁ ውስጥ ደግሞ ሌላ ፍጥረት አድፍጦ ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ አንዱ ባቤዚያ ነው።

ባቤዚያ ባለ አንድ ሴል ጥገኛ ተሐዋሲ ነው። ቀይ የደም ሴል ውስጥ ገብቶ ይባዛል፤ ሴሉን አፍርሶ ይወጣና ሌላውን ይወራል። የተያዘች ላም ያተኩሳታል፣ መኖ ትተዋለች፣ ድዷ ይገረጣል፣ ሲብስም ሽንቷ ይቀላል። ተሐዋሲው ስሙን ያገኘው በ1888 እ.ኤ.አ. በታመሙ ከብቶች ደም ውስጥ ካየው ሮማንያዊው ሐኪም ከቪክቶር ባቤሽ ነው። በ1893 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካውያኑ ቴዎባልድ ስሚዝና ፍሬድ ኪልቦርን በሽታውን የሚያስተላልፈው መዥገር መሆኑን አረጋገጡ። ያኔ ወባ በቢምቢ እንደሚተላለፍ ገና አልተረጋገጠም ነበር።

ግኝቱ አንድ እንቆቅልሽ ያስነሳል። በአገራችን ከብቶች ላይ በብዛት ከሚገኙት መዥገሮች አንዱ የሆነው ሪፒሴፋለስ ዲኮሎራተስ ከእጭነት እስከ ጉልምስና የሚኖረው አንድ ከብት ላይ ነው። ታዲያ በሽታውን ወደ ሌላው እንዴት ያደርሳል? መልሱ እንቁላሉ ውስጥ ነው። እንስቷ ደም ጠግባ መሬት ትወድቃለች፤ 2,000 ያህል እንቁላል ጥላ ትሞታለች። ባቤዚያ ከእናት ወደ እንቁላል ስለሚያልፍ ልጆቿ በሽታውን ይዘው ይፈለፈላሉ፤ ሣር ላይ ወጥተውም የምታልፈውን ላም ይጠብቃሉ።

ጉዳቱ ለሁሉም እኩል አይደለም። የአገር ዘር ከብት ከመዥገር ጋር አብሮ ስለኖረ ይቋቋማል፤ ጥጃም በልጅነቱ ከተያዘ አብዛኛውን ጊዜ ሳይጎዳ የመከላከል አቅም ያዳብራል። በሽታው ይበልጥ የሚያሰጋው ለወተት የምትረባውን የፈረንጅ ላም ነው።

አራት ኪሎ ላም አይግጥም ብለን አንዘናጋ። በየግቢው ያለው ውሻ ቡናማ መዥገር ይሸከማል። ይህ መዥገር ግድግዳ ላይ ወጥቶ ስንጥቅ ውስጥ እንቁላል ይጥላል፤ የውሻ ባቤዚያንም ያስተላልፋል። ለበዓል የሚገዛው በሬም መዥገሩን ይዞ ከተማ ይገባል።

ባቤዚያ ሰውንም ይይዛል። በሰው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው በ1957 እ.ኤ.አ. በዩጎዝላቪያ ነው፤ ታማሚው ጣፊያው በቀዶ ሕክምና የወጣ ገበሬ ነበር፤ ሕይወቱም አልተረፈም። በአራት ኪሎው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ሥነ ሕይወት የሚማር ወጣት ባቤዚያ ያለበትን የደም ስላይድ በማይክሮስኮፕ ቢያይ፣ ትንንሾቹን ቀለበቶች ወባ ናቸው ሊል ይችላል። የሚለያቸው አንድ ሴል ውስጥ አንዳንዴ አራት ሆነው የመስቀል ቅርጽ መሥራታቸው ነው።

ስለዚህ የውሻችንን ጆሮና የጣቶቹን መሃል እንፈትሽ። መዥገር ከተገኘ በወረንጦ ቆዳው ሥር ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው፤ በእሳት ወይም በላምባ ማስለቀቅ፣ በባዶ እጅም መጨፍለቅ አይገባም። ባቤዚያ ለመተላለፍ ጊዜ ይፈልጋልና ቶሎ የተነቀለ መዥገር ጉዳቱ ያነሰ ነው። ከነከሰን በኋላ ትኩሳት ከተሰማን ደግሞ ለሐኪሙ «መዥገር ነክሶኛል» እንበል። ያች አጭር ዓረፍተ ነገር ምርመራውን ወደ ትክክለኛው መንገድ ትመራለች።