በምርጊት ውስጥ የቀረ አዝመራ

በእንግሊዝ አገር፣ በዴቨን መንደሮች፣ የገለባ ክዳን ሲያረጅ ባለሙያው የላዩን ገፎ አዲስ ይደርብበታል እንጂ የታችኛውን አይነካም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ጆን ሌትስ የተባለ የጥንት ዕፅዋት ተመራማሪ ጣሪያ ሥር እየገባ ያጠናው ይህንኑ ያልተነካ ክፍል ነው፤ ጥቀርሻ የለበሰ ጥቁር ገለባ። ቤቶቹ ሲሠሩ ጭስ ማውጫ አልነበራቸውም፤ እሳቱ እንደ እኛ ጎጆ መሐል ወለሉ ላይ ይነድ ነበር። ጭሱ ገለባውን ከነዛላው ከነአረሙ እስከ 600 ዓመት አቆየው። ሌትስ ያየው ስንዴ የሰው ቁመት የሚያህል ነበር፤ ያውም ብዙ ዓይነት ተደባልቆ የተዘራ።

ይህን ዘንዘልማ ላይ ሆኖ ያነበበ ሰው ቀና ብሎ ጣሪያ ማየቱ አይቀርም። በጎንደር መንገድ፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርና ግቢ ባለበት በዚህ አካባቢ፣ አብዛኛው ክዳን ቆርቆሮ ሆኗል። ማድ ቤት ሆና የቀረች አንዲት የሳር ጎጆ አገኘሁ። ጥቀርሻውስ ሞልቷል፤ ክዳኑ ግን የሜዳ ሳር ነው። የእኛ ገበሬ ገለባውን ከከብቱ አፍ ነጥቆ ጣሪያ አያለብስም።

«ከላይ ምን ጠፋብህ ልጄ?» አሉኝ ባለቤቱ ሽማግሌ። የእህል ገለባ እንደምፈልግ ስነግራቸው ሳቁና ከግድግዳው አንድ ቅራፊ አንሥተው መዳፌ ላይ ፈረፈሩት። የጤፍ ጭድ! ፀጉር የሚያህል ቢጫ ቢጫ ሰበዝ፣ ገለፈት፣ አንዲት ቀይ ፍሬም ጭምር። «የውስጠኛው ጎጆ ስወጣ የተመረገ ነው፤ የላዩ ለልጄ ሠርግ» አሉ።

ለካ የአዝመራው መዝገብ ጣሪያው ላይ ሳይሆን ምርጊቱ ውስጥ ኖሯል፤ ያውም በየድግሱ ዓመት የተለየ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኦስትሪያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ፍራንዝ ኡንገርም ጭድ የተቀላቀለበት የጥንት ግብፅ ጡብ ፈርፍሮ ጤፍ አገኘሁ ብሎ ነበር። የኋላ ሊቃውንት የጤፍ የዱር ዘመድ ሳይሆን አይቀርም ብለው ተጠራጠሩት፤ ጡብ መፈርፈሩን ግን አልነቀፉም። ሌትስ ያየው ዓይነት ድብልቅ ዘርም ቢሆን ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በአማራ ክልል ስንዴና ገብስ ቀላቅሎ ዱራኛ የሚዘራ ገበሬ ዛሬም አለ። አዲስ አበባ ያለው የዘር ባንክ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ የሚያኖረው የሚበቅለውን ዘር ነው። የምርጊቱ ፍሬ አይበቅልም፤ የዚያን ዓመት አውድማ ግን ይናገራል።

ሽማግሌው ማድ ቤቷን አፍርሰው በብሎኬት ሊሠሩ አስበዋል፤ ብሎኬት ደግሞ ጭድ አይጠይቅም። ከየምርጊቱ ጥቂት ጥቂት እንድወስድ ፈቅደውልኛል። የሠርጉን ዓመት ስጠይቃቸው ግን ወደ ባለቤታቸው መሩኝ፤ እሳቸውም ገበያ ሄደው አልተመለሱም።